ጎርፍ ላይ መሥራት ለምትፈልጉ የድሬ ልጆች

ሲቪል ምህንድስና የተማረ ልጅ ሁሉ ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ መሥራት ነው የሚያምረው። አልፈርድባችሁም። ግንብ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሱበታል። እኔ ግን ዕድሜዬን በዚህ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝና ከግንቡ ይልቅ ማንም ፎቶ ስለማያነሳቸው ሰዎች ላውራችሁ። ሰው የሚያልቀው እነሱ የሌሉበት ቀን ነው።

የሐምሌ 1998ን ሌሊት ቤተሰቦቻችሁ ነግረዋችኋል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ደቻቱ መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ ወሰደ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ደግሞ ቤት አልባ ሆነ። ቀፊራ አካባቢ ያደገ ሰው እስከ ዛሬ ሌሊት ዝናብ ሲሰማ ተነስቶ ይቀመጣል።

የድሬ ችግር ምን መሰላችሁ፣ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከተማው ላይ አይደለም። ደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ላይ ነው። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰው ቡናውን እየጠጣ፣ እዚያ ላይ ይወርዳል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥልና ግማሹን መሬት ቢውጠው እንኳ 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቁልቁል ይመጣል። ዳገቱ የተራቆተና ቀጥ ያለ ስለሆነ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቡድኑ ሰው ደጋው ላይ ያለው ዝናብ ለኪ ነው። በተለመደው አሠራር ታዛቢው በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ለክቶ ይመዘግባል። ለአየር ንብረት ጥናት ይህ ግሩም ነው። ለእኛ ጎርፍ ግን ሬሳ ከተነሳ በኋላ የሚደርስ ቁጥር ነው። ራሱ እየለካ በየጥቂት ደቂቃው የሚልክ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እሱም ጣጣ አለው። ከላይ ያለው ማጥለያ በአቧራ፣ በቅጠል፣ በሸረሪት ድር ይደፈናል። ሲደፈን ተበላሽቻለሁ አይልም፣ ዜሮ ብሎ ይልካል። ቢሮ ያለው ባለሙያ ስክሪኑ ላይ ዜሮ ያያል፣ ዝናብ የለም ብሎ ወደ ምሳው ይሄዳል። እንግዲህ ብሩሽና ባትሪ ይዞ ዳገት የሚወጣው ቴክኒሻን፣ ደመወዙ ትንሽ፣ መኪና የሚሰጠው በልመና፣ የከተማውን ግማሽ ሕይወት የያዘው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቀጥሎ ወሬውን ወደ ሰው የሚያደርስ አለ። እዚህ ላይ እኛ መሐንዲሶች በጣም ደካሞች ነን፣ እውነቱን ለመናገር። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ ስለ ሚሊ ሜትርና ስለ ፍሰት መጠን ሲያስረዳ ቆየ። ወንዙ ዳር የምትኖር አንዲት እናት እጇን አውጥታ "ልጄ፣ ልጆቹን ላንሳ ወይስ አላንሳ?" አለችው። ዝም አለ። ጥያቄው ሳይገባው ቀርቶ አይደለም፣ ያንን መመለስ የማን ሥራ እንደሆነ ማንም አልነገረውም።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይገበያይበታል፣ አቋርጦ ወደ መጋላ ሰፈር ይሻገራል፣ አሸዋ ይጭንበታል። እዚያ ለቆመ ሰው "ከመደበኛው በላይ ዝናብ ይጠበቃል" ማለት ምንም ማለት አይደለም። "አሁኑኑ ከአሸዋው ውጡ" ነው የሚባለው፣ ያውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማሊኛ። ሶስዮሎጂ ወይም ጋዜጠኝነት የተማራችሁ፣ ጎርፍ የኛ ነገር አይደለም አትበሉ። እንደ አፎሻና እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር ሰብሳቢን፣ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ የያዘውን ሰው፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪውን በስልክ ቁጥር የሚያውቅ ባለሙያ ወርቅ ነው። ቋንቋ ከቻላችሁ ደግሞ አቦ፣ ሥራ አታጡም። ውሃው የሚነሳው ምሥራቅ ሐረርጌ፣ የሚያርፈው ድሬ ነው። ሁለት አስተዳደር ነው፣ በመሃል የሚግባባ ሰው ያስፈልጋል።

አካውንቲንግ የተማራችሁም ኑ። ቀልድ አይደለም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ክረምቱም ያኔ ይገባል። አዲሱ በጀት ተለቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ድንጋይ ተሞልቶበት የወንዝ ዳር የሚደገፍበት የጋቢዮን ሽቦ እስኪገዛ ጎርፉ መጥቶ ሄዷል። ይህን ቀድሞ ገብቶት በበጋው፣ ካለፈው በጀት ላይ ግዢውን ጨርሶ የሚጠብቅ የፋይናንስ ሰው በአንድ ፊርማ ከአሥር መሐንዲስ በላይ ይሠራል። ይህን ሥራ ግን ሲመሰገን አይቼ አላውቅም።

ወደ ግንቡ ልመለስ፣ መሐንዲሶቹ እንዳትቀየሙኝ። "በ100 ዓመት አንዴ ለሚመጣ ጎርፍ የተሠራ" ሲባል ሰዉ መቶ ዓመት ተገላገልን ይላል። እንደዚያ አይደለም። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ይጠጋል። ግንቡ ራሱም ባለበት አይቆይም። ከላይ የሚመጣው አሸዋ የወንዙን ወለል ከፍ ሲያደርገው የግንቡ ቁመት ያጥራል። አሸዋ አውጪው ከግንቡ ሥር ብዙ ሲቆፍር ደግሞ መሠረቱ ይራቆታል። በዚያ ላይ ግንብ ሲያይ ሰው ልቡ ይሞላና ተጠግቶ ቤት ይሠራል። ስለዚህ በየዓመቱ ሜትር ይዞ ወለሉን የሚለካ፣ ማን የት እንደሠራ ካርታ ላይ የሚያወጣ የጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታ ሥራ) ልጅ፣ ደጋው ላይ ከገበሬው ጋር እርከን የሚሠራ የአፈርና ውሃ ባለሙያ ከሌለ ግንቡ ብቻውን የትም አይደርስም።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሻችሁም። የመንግሥት ቢሮ ደመወዝ ቀጭን ነው፣ ኤንጂኦ ይሻላል ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፣ አማካሪ ድርጅት ልምድ ካላችሁ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ መስክ ያለበትን ምረጡ። ወንበር በኋላም አታጡትም። ስትቀጠሩ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት "የኔ ሥራ ሲያልቅ ማን ነው የሚቀበለኝ? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኩን ያነሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ከጠፋ እናንተ ራሳችሁ ፈልጉት።

ሥራ እስክታገኙ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። ሰፈራችሁ ያለውን ቦይ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ በእግራችሁ ተከተሉት። የተደፈነበትን፣ ቤት የተሠራበትን፣ ቱቦው የጠበበበትን ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ፎቶ አንሱ፣ አንድ ገጽ ካርታ አድርጋችሁ ከሲቪያችሁ ጋር አያይዙት። ቀጣሪ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ያመጣን ልጅ ውጤቱን ሳላይ ነበር የምጠራው። በበጋው ሥሩት፣ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር።