የግቢን ካርቦን መለካት እንጀራ ይሆናል ወይ?

ከድሬዳዋ የጻፍሽልን የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ፦ የመመረቂያ ሥራሽን በዩኒቨርሲቲሽ የካርቦን ልቀት ላይ ልትሠሪ ፈልገሽ «ጋዝ የሚለካ መሣሪያ የለንም» ብለሽ ሰግተሻል። አባትሽ ደግሞ «ካርቦን እንጀራ አይሆንም፣ ባንክ ገብተሽ የወንድምሽን ኮሌጅ ክፈይ» ብለውሻል። ውጭ አገር ማስተርስ ልሞክር ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

መሣሪያው አያስፈልግሽም። የአንድ ተቋም ልቀት በብዛት የሚሰላው ከተቃጠለው ነዳጅ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.68 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከባዱ ነገር ትክክለኛውን ሊትር ማግኘት ነው።

ዓመቱን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 አድርጊው፤ መዝገብ የሚዘጋው በበጀት ዓመት ነውና። ከመጋዘን በሞዴል 19 የገባውን፣ በሞዴል 22 የወጣውን ናፍጣ ውሰጂ። የተገዛው ሁሉ ተቃጥሏል ብለሽ አትቁጠሪ፤ የዓመቱ መነሻ ቀሪ ላይ የገባውን ደምረሽ የመጨረሻውን ቀሪ ስትቀንሺ ነው ፍጆታው የሚገኘው። ቀጥለሽ የጄኔሬተሩን የሰዓት ቆጣሪ አንብቢና ሊትሩን ለሰዓቱ አካፍዪ። ውጤቱ ከአምራቹ መመሪያ እጅግ ከራቀ ወይ መዝገቡ ተሳስቷል፣ ወይ ነዳጁ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ወይ ማሽኑ ከአቅሙ በታች በሆነ ጭነት እየሠራ ነው። ሪፖርትሽ ላይ ማንንም ሳትከሺ ልዩነቱን ብቻ አስፍሪ።

ማገዶ የሚገዛው በመኪና ጭነት ከሆነ ጭነቱን እንደ ክብደት አትውሰጂ፤ እርጥብ እንጨት ውሃውንም ይመዝናል። የተማሪዎች ወጥ ቤት በየቀኑ የሚያነደውን ለሁለት ሳምንት አስመዝኚ፣ አንዱ የጾም አንዱ የፍስክ ይሁን። ከማገዶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለብቻው ይመዘገባል፤ ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ ግን ዋናው ድምር ውስጥ ይገባሉ።

በድሬ ሙቀት ብዙ ሰው የሚዘለው ኤሲን ነው። አር-410ኤ የሚባለው የኤሲ ማቀዝቀዣ ጋዝ አንድ ኪሎ ቢያመልጥ ጉዳቱ ወደ 2,000 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጋል፤ ከ700 ሊትር በላይ ናፍጣ ማቃጠል ማለት ነው። የጥገና ክፍሉን በዓመቱ ስንት ኪሎ ጋዝ እንደሞሉ ጠይቂ፤ ነባር ማሽን ላይ የሚሞላው በአብዛኛው ያመለጠውን ለመተካት ነው።

የውጭ ጥናት ሠንጠረዥ እንዳለ አትገልብጪ። እዚያ ብዙ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ነው፤ የኛ መስመር ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል ይመጣል። ስለዚህ አምፖል መቀየር ብር ይቆጥባል፣ ካርቦኑን ግን እምብዛም አይነካውም። የጄኔሬተሩን ሰዓት በሶላርና ባትሪ ማሳጠር፣ የማገዶ ምድጃን በኤሌክትሪክ ምጣድ መተካት፣ የኤሲ ቱቦ ፍሳሽ መድፈን፦ እነዚህን አንድ ቶን ለመቀነስ በሚያስወጡት ብር ደርድሪያቸው። አስተዳደሩ የሚያነበው ይህን ገጽ ነው።

አባትሽ በግማሹ ልክ ናቸው። «የካርቦን ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አትጠብቂ። ግን ነዳጅ ወዴት እንደሚሄድ በቁጥር የሚያሳይ መሐንዲስ በሲሚንቶ ፋብሪካና በኢንዱስትሪ ፓርክ ይፈለጋል፤ ለአንድ ቶን ክሊንከር (ከእቶን ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነው) ከኖራ ድንጋዩ ብቻ ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ የእቶኑ ነዳጅ ሳይቆጠር። እኔ ወደ ምክር የመጣሁት ከፋብሪካ ጥገና ስለሆነ ወደዚያ ማድላቴን ዕወቂ። የአምስት ዓመት ምህንድስና ገና ሳይሞከር ባንክ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ግን ለቤቱም ኪሳራ ነው፤ የወንድምሽን ክፍያም አንቺ ብቻ የምትሸከሚው ዕዳ አድርገው ሊጭኑብሽ አይገባም። በየወሩ የምትችይውን መጠን ወስነሽ ንገሪያቸው፤ በጥገናና በኢነርጂ ክፍሎች ለማመልከት ስድስት ወር ጠይቂ። ካልተሳካ ባንኩ የትም አይሄድም።

ለማስተርሱ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሥራ ላይ ቆይተሽ አመልክቺ።

አሁን ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ አስጽፈሽ ጠቅላላ አገልግሎት ግቢ፤ የመጋዘን ሰዎች ያለ ደብዳቤ መዝገብ አያሳዩም። ሰኔ ላይ የንብረት ቆጠራ ሲመጣ የሚያናግርሽ ስለማታገኚ ያለፈውን ዓመት መረጃ ከግንቦት በፊት ሰብስበሽ ጨርሺ።