የታመመ ወይም ያዘነ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት እስራኤል አገር በነርስነት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ሰው ለምን ይሰቃያል?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ ይልቁንም ወላጆቻችሁ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሱዳን መንገድ ሲመጡ ወንድምና እህት ቀብረው የመጡት። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ የምናስባቸው በዚያ መንገድ የቀሩ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ለምን እንዳለቁ እኔ ልነግራችሁ አልችልም። እነግራችኋለሁ የሚል ቢመጣም ጠንቀቅ በሉ።

ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ሊቃውንት በዚህ ነገር ብዙ ተከራክረዋል። መከራ የኃጢአት ዋጋ ነው ያለ አለ፣ እግዚአብሔር የሚወደውን ይቀጣል ያለም አለ። እኔ የምወደው ከክርክሩ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ነው። ራቢ (መምህር ማለት ነው) ሂያ ባር አባ ታሞ ተኝቷል። ራቢ ዮሐናን ሊጠይቀው ገባና «መከራህን ትወደዋለህ?» አለው። «እሱም ዋጋውም ይቅርብኝ» አለ በሽተኛው። ራቢ ዮሐናን አልተቆጣም፣ ተው እንዲህ አይባልም አላለም። «በል እጅህን ስጠኝ» አለና ይዞ አስነሳው። ቆይቶ ራሱ ራቢ ዮሐናን ታመመ። አሥር ልጆች የቀበረ ሰው ነው። ራቢ ሐኒና መጥቶ ያንኑ ጠየቀው፣ ያንኑ መለሰለት፣ እጁን ይዞ አስነሳው። ሌላውን ያስነሳ ሰው ለምን ራሱን አላስነሳም? እስረኛ ራሱን ከእስር ቤት አያወጣም ይላል መጽሐፉ።

እኛ ደግሞ ገመናችንን ደባቂዎች ነን። ጭንቀት እንቅልፍ የነሳው ልጅ «ደህና ነኝ» ብሎ ከቤተሰቡ ጋር ቡና ይጠጣል። እጅ የሚሰጠው እንዳያጣ አንድ ሰው እንኳ ይወቅለት።

ጠያቂ ስትሆኑ «ለበጎ ነው» አትበሉ። አንዲት እናት ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር አይቻለሁ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ስለዚህ በሺቫ፣ በአይሁድ የሰባት ቀን ሐዘን፣ ሐዘንተኛው ሳይናገር ጠያቂ አይናገርም። የመጀመሪያውን ምግብም ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው፤ ይሄን እንኳ ከአገራችን ለቅሶ የምናውቀው ነው።

ራቢ አቂቫ ማንም ያልጠየቀውን አንድ ተማሪውን ሊያይ ሄደ። ቤቱ ተጠረገ፣ ውሃ ተረጨ፣ ልጁ ዳነ። መጥረግ! እኔም ውሃ የሚቀዳ፣ ትራስ የሚያስተካክል ጠያቂ ከሰባኪ ይሻለኛል።

ሰዓቱንም አስቡበት። ሊቃውንቱ ማለዳና ማምሻው ላይ አትሂዱ ብለዋል፦ ጠዋት በሽተኛው ቀለል ስለሚለው ጠያቂው ጸሎቱን ይተዋል፣ ማታ ስለሚጠናበት ጠያቂው ተስፋ ይቆርጣል። ነርሶቹም ጠዋት ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ስልካችሁንም ዝጉ።