ዋስ የሚገኝለት ሰው

ልጆቼ፣

ትምህርት ጨርሳችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁን ስታገኙ፣ ገና ወንበራችሁ ላይ ሳትቀመጡ «ዋስ ይዘህ ና»፣ «ዋስ ይዘሽ ነይ» ትባላላችሁ። በተለይ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ክፍል፣ ሽያጭ ወይም ሾፌር ሆኖ የሚቀጠር ሰው ብዙ ቦታ ያለ ዋስ ሥራ አይጀምርም። ወጣቱ ይህን እንደ አንድ ተጨማሪ ጣጣ ያየዋል። እኔ ግን የተሳካ ሕይወት ማለት ምን እንደሆነ ስትጠይቁኝ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለኝም። ቤትም፣ መኪናም፣ ማዕረግም ደስ ይላል። ነገር ግን ሰው በ25 ዓመቱም በ50 ዓመቱም፣ የሚያውቀው ሰው ሳይጨነቅ የሚፈርምለት ከሆነ፣ እሱም ለሌላው ሲፈርም ቤቱ የማይናጋ ከሆነ፣ ያ ሰው ተሳክቶለታል እላለሁ።

መጀመሪያ ዋስትና ምን እንደሆነ ጠንቅቃችሁ እወቁ። ዋሳችሁ የሚሆነው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙንና ቋሚ ሠራተኛነቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፋል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው ዋስ እንዲሆን አይፈቅዱም። ስለዚህ አጎታችሁ ለእናንተ ሲፈርም፣ ነገ ለገዛ ልጁ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ነው የሰጣችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ እንዲሰጥና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን እንዲጻፍ ያዛል። መጠኑ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። የብር መጠኑ ባዶ የተተወ ቅጽ ከቀረበ ዋሳችሁ እንዳይፈርም ቀድማችሁ እናንተ ተከላከሉለት። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለበት ደግሞ፣ ገንዘብ ጠያቂው ባለዕዳውን ትቶ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ እንደሚችል አስረዱት። ዋሱ የከፈለውን ከባለዕዳው የማስመለስ መብት እንዳለው እውነት ነው፤ አድራሻውን ቀይሮ የጠፋን ሰው ፈልጎ መክሰስ ግን ስንት ቀጠሮና ስንት ወጪ እንዳለው አስቡት።

እናንተም በተራችሁ «ፈርሙልኝ» የሚላችሁ ጓደኛ ይመጣል። እዚህ ላይ ሰው የሚወድቀው በይሉኝታ ነው። የሚሠራው ሥራ በቀን ስንት ብር ወይም ምን ዓይነት ዕቃ በእጁ እንደሚያስገባ ጠይቁ። ዋስትናው ላይ የተጻፈው መጠን ነገ ክፈሉ ብትባሉ ልጅ ከትምህርት ቤት ሳታስቀሩ ልትከፍሉት የምትችሉት ካልሆነ «አልችልም» በሉ። ጓደኛችሁ ለጥቂት ሳምንት ያኮርፋል። ፈርማችሁ ብትከፍሉ ግን ገንዘቡም ጓደኝነቱም አብረው ይሄዳሉ።

ስም የሚሠራውም የሚፈርሰውም የዕለት ሥራ ላይ ነው። ንብረት ክፍል የገባ ልጅ የገባውን ዕቃ በሞዴል 19 ቅጽ ተቀብሎ፣ የተጠየቀውን በሞዴል 20 አይቶ፣ የሚያወጣውን በሞዴል 22 ማስፈረም እንዳለበት በመጀመሪያው ሳምንት ይማራል። ታዲያ ጉድለት ከየት ይመጣል? አብዛኛው ከሌብነት አይመጣም። የሚመጣው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ዕቃው አሁን ይውጣ፣ ነገ ይፈረማል» ከሚል ቃል ነው። ነገ ሌላ ሥራ ይመጣል፤ ከወር በኋላ ፈራሚው ይዛወራል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ 4 ጎማ ወይም 1 ፕሪንተር ጎድሎ ይገኛል። ያን ጊዜ ያወጣው ማን እንደሆነ መላው ቢሮ ቢያውቅም ወረቀቱ የሚያውቀው እናንተን ብቻ ነው። ለሚኒስትርም ሆነ ለጥበቃ ሠራተኛ፣ ያለ ፊርማ ዕቃ አይውጣ። በአክብሮት ተናገሩ፣ ቆማችሁ አስተናግዱ፣ ግን አስፈርሙ።

ገንዘብ ያዥም እንዲሁ ነው። ሥራ ስትረከቡ ራሳችሁ ሳትቆጥሩ አትፈርሙ፤ ያስረካቢው ትልቅነትና ደግነት ቆጠራን አይተካም። ከካዝና ለባልደረባ «እስከ ደመወዝ» ብላችሁ 500 ብር አታበድሩ፤ ብሩ የእናንተ አይደለም። ማታ ሒሳብ ስትዘጉ 300 ብር ቢጎድል በዚያው ዕለት በጽሑፍ አሳውቁ። የዛሬውን ጉድለት በነገ ገቢ መሸፈን የጀመረ ሰው፣ መጠኑ ትንሽ ሳለ ይቅርታ የሚያገኝበትን በር በገዛ እጁ ዘግቷል። ብዙ ንጹሕ ልጆች የተበላሹት እንዲህ ነው፤ ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል።

ስለ እቁብ ደግሞ ላንሳ፤ ወጣቱ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈትንበት ቦታ ነውና። 20 ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል ዕጣው 40,000 ብር ነው፤ እቁቡም 20 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው። መጨረሻ የደረሰው ቆጠበ እንጂ አልተበደረም፤ በዚህ መሐል ዕቃ ከተወደደ የእሱ 40,000 የሚገዛው ያንሳል። የእቁቡ ዳኛ ዕጣ የወጣለትን ሰው ዋስ ካላመጣህ አትወስድም የሚለው ለዚህ ነው፤ ቀድሞ የወሰደው ሰው ከጠፋ የሚከስሩት ያልደረሳቸው ናቸው። እጃችሁ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 10,000 ብር ከሆነ ለእቁብ ከ2,000 በላይ አትመድቡ። እቁብ ከመግባታችሁም በፊት ቢያንስ የአንድ ወር የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ለብቻው ይቀመጥ፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ስትታመሙ መጀመሪያ የሚቀረው የእቁብ መዋጮ ነው። የአንዱን እቁብ ለመክፈል ሁለተኛ እቁብ የገባ ሰው ከሁለቱም አፍሮ ነው የሚወጣው። ዕጣ ቀድሞ ሲደርሳችሁ ደግሞ ብሩን ምን ላይ እንደምታውሉት ቀድማችሁ ወስኑ። የልብስ ስፌት መኪና ወይም የሥራ ኮምፒውተር ቀሪውን ወራት እየሠራ ይከፍልላችኋል፤ ለድግስ የዋለ ብር ግን መዋጮውን ለባዶ ኪስ ይተወዋል።

ከሁሉ የሚከብደው አደራ ነው። ስንቱ ቤት እህት ቤሩት ወይም ሪያድ እየሠራች ለወንድሟ ገንዘብ ትልካለች። እናንተ ተቀባዮች ከሆናችሁ፣ ብሯን ከደመወዛችሁ ጋር አትቀላቅሉ፤ ለእሷ ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ይኑር። የላከችውና የወጣው በደብተር ይጻፍ፤ የሲሚንቶውም የብረቱም ደረሰኝ ፎቶ በየወሩ ይላክላት። ቤት ወይም ቦታ የሚገዛ ከሆነ በእሷ ስም ይሁን። ውክልናዋን ባለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሰጥታ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት። ይህ ጊዜ ይወስዳል። «ለጊዜው በኔ ስም ይሁንና በኋላ አዛውራለሁ» የሚለው አቋራጭ የመጣው ከዚህ መጓተት ነው፤ ብዙ ጊዜ በክፋት አይጀመርም። ከዚያ ወንድም ያገባል፣ ልጆች ይወለዳሉ፣ ቤቱ የትዳር ሀብት ነው የሚል ክርክር ይነሳል። እህት የወጣትነት ዕድሜዋን የከፈለችበት ቤት ደጃፍ ላይ እንግዳ ሆና ትቆማለች። ወረፋውን ታገሡ እንጂ በስማችሁ አታድርጉት።

እድርን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ተከራይ ናችሁና ሰፈር ስለምትቀያይሩ ላትመዘገቡ ትችላላችሁ። ሆኖም ጎረቤት ሲሞት ድንኳን ትከሉ፣ ወንበር አመላልሱ፣ በቀብሩ ዕለት ብቻ ሳይሆን በሳልስቱም ተገኙ። ሰው በችግር ቀን ማን አጠገቡ እንደቆመ አይረሳም።

ሥራ ስትለቁም በሥርዓት ልቀቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በእነዚህ 30 ቀናት የያዛችሁትን ሁሉ በዝርዝር ጻፉ፣ ከተረካቢው ጋር ቆጥራችሁ ተፈራረሙ፣ አንዱን ቅጂ ያዙ። የሥራ ልምድ ማስረጃችሁ ላይ የጀመራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን በትክክል መጻፉን እዩ። ከደመወዛችሁ በየወሩ የተቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የጨመረው 11 በመቶ ለጡረታ መግባቱንም አረጋግጡ፤ ሲያረጁ ዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋልና የጠፉ ወራት ዋጋ አላቸው።

ክሊራንስ፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤቱ ዕዳም ንብረትም እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ወረቀት፣ ካገኛችሁ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ቀጣሪያችሁ «ዋስትናው ተነሥቷል» የሚል ደብዳቤ ለዋሳችሁ መሥሪያ ቤት እንዲጽፍ ጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን ረስቶ ይሄዳል፤ ዋሱ ከስንት ዓመት በኋላ ለልጁ ሊፈርም ሲል ስሙ ፋይሉ ውስጥ ገና ተይዞ ያገኘዋል። ደብዳቤው ሲወጣ በስልክ ብቻ አትንገሩት። ቤቱ ሂዱ፣ ቅጂውን እጁ ላይ አኑሩለት፣ «ጋሼ፣ በሰላም አውርጄዎታለሁ» በሉት።