ሳይረጭ ስለሚቆየው ረድፍ

በወሎ በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ ለምትሰማሩ ወጣቶች፣

የፀረ ተባይ ርጭት ሙከራ ስታካሂዱ ከሁሉ አስቀድማችሁ እንድትጠብቁት አደራ የምላችሁ ሳይረጭ የሚቆየውን ረድፍ ነው። በመርሳም ሆነ በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ያለ የብርቱካን ባለቤት፣ ነጭ ዝንብ የቅጠሉን ጀርባ ጥጥ አልብሶበት፣ ከነፍሳቱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥቁር ሻጋታ አብቅሎበት እያየ «ይህን ረድፍ አንነካውም» ስትሉት ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ያ ረድፍ ከሌለ ግን ኬሚካሉ የገደለውን ዝናቡ ካጠበው መለየት አይቻልም።

ከርጭት በፊት በሁለቱም ረድፎች በተመረጡ ቅጠሎች ላይ 200፣ 200 ነፍሳት ቆጠራችሁ እንበል። ከሳምንት በኋላ በተረጨው 40 ቢቀሩ «80 በመቶ ገደለ» ለማለት ያስቸኩላል። ይሁን እንጂ የሐምሌ ዶፍ ባልተረጨውም ላይ 80 ብቻ አስቀርቶ ከሆነ፣ የነፍሳት ተመራማሪው አቦት በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ የተረጨውን ካልተረጨው ጋር በሚያነጻጽረው ቀመር መሠረት፣ 40 የ80 ግማሽ ስለሆነ የኬሚካሉ ውጤታማነት 50 በመቶ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ ለገበሬው የሚመሰክር ባለሙያ ገበሬውን ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

የትኛው ዛፍ እንደሚረጭ በዕጣ ይወሰን። ከመስኖ ቦዩ አጠገብ ያሉት ዛፎች ለምለም ናቸው፤ ተባዩም ለጋ ቅጠል ስለሚወድ ቦዩን ተከትሎ ያሉትን ለብቻ፣ ራቅ ያሉትን ለብቻ መድባችሁ በየምድቡ ዕጣ ብታወጡ ይሻላል።

ቆጠራውንም በአንድ ሳምንት አታብቁ። በ1832 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮኔቲከት የታየችው የፒር ሲላ (የፒር ፍሬ ዛፍን የምትመጥ ትንሽ ተባይ) ኬሚካልን በመላመድ የታወቀች ናት፤ ጠንካራ ርጭት የሚበሏትን ነፍሳት ሲፈጅላት ደግሞ ከበፊቱ በዝታ ትመለሳለች። ስለዚህ ቅጠሉን ገልብጣችሁ በአጉሊ መነጽር ስታዩ ተባዩን ብቻ ሳይሆን የሚበላውን ጥንዚዛና ሸረሪትም መዝግቡ።

በእኛ አገር የብርቱካኑ አጥር ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ጫት ጋር ይዋሰናል፤ ጫት ደግሞ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ነው። ነፋስ ባለበት ሰዓት ፈጽሞ አትርጩ፣ ዛፉ ሲያብብም ለንቦቹ ስትሉ ተዉት። ሳይረጭ በቆየው ረድፍ ለሚጠፋው ፍሬ የሚከፈለውን ካሳ ደግሞ መርጫው ከመታዘሉ በፊት ከባለቤቱ ጋር ተስማምታችሁ በጽሑፍ አስፍሩት።