ዝም የሚሉሽ እነማን ናቸው?

ውድ እህቴ፣

በሲቪል ምሕንድስና ተመርቀሽ በአንድ የሕንፃ ግንባታ ሳይት ሥራ ከጀመርሽ ሦስት ወር እንደሆነሽ፣ ቀድሞሽ የተቀጠረ ባልደረባሽም «እርግጠኛ መስለሽ ከተናገርሽ ማንም አይጠይቅሽም» ብሎ እንደመከረሽና ምክሩም እንደሠራልሽ ጽፈሽልኛል። መሥራቱን አልጠራጠርም። ፕላኑን ዘርግቶ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ «እንዲህ ይሁን» የሚልን ሰው፣ በተለይ ዲግሪ ያለው ከሆነ፣ በሳይት ላይ የሚሞግተው ጥቂት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ዝም የሚሉሽ እነማን እንደሆኑ ነው።

ሃያ ዓመት ብረት ሲያስር የኖረ ፌሮ ሠራተኛ፣ ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን በሚያቅፉት ቀጫጭን ብረቶች፣ በስታፋዎቹ፣ መካከል ያለው ርቀት ከፕላኑ ሰፍቶ እንደሆነ፣ ወይም ብረቱን ከካሳፎርማው (ኮንክሪቱ ከሚሞላበት ቅርጽ ማስያዣ) የሚያርቀው ስፔሰር ተዘንግቶ እንደሆነ፣ ዓይኑ ከአንቺ ቀድሞ ያርፍበታል፤ ነገር ግን «ኢንጂነሯ አይታዋለች» ብሎ ካመነ አፉን አይከፍትም። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ብረቱ አይታይም፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የሚጨመቀው ናሙናም ስለ ኮንክሪቱ ጥንካሬ እንጂ ስለ ብረቱ አቀማመጥ የሚነግርሽ የለም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔን ቴነሪፍ ደሴት፣ ጭጋግ በሸፈነው የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። ለመነሣት ይንደረደር በነበረው የኔዘርላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ጠይቆ ነበር፤ በድርጅታቸው ትልቅ ስም የነበራቸው ካፒቴን ቁርጥ ባለ ድምፅ «አዎን» አሉት፣ እርሱም ደግሞ አልጠየቀም። የበታቹ ጥርጣሬውን እንዲናገር፣ ካፒቴኑም እንዲሰማ የሚያስተምረው ሥልጠና በአየር መንገዶች የተስፋፋው ከዚያ አደጋ በኋላ ነው።

አንገትሽን ድፊ እያልሁሽ አይደለም። ጀማሪ ሴት መሐንዲስ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ቃልዋ ቸል እንደሚባል ስለማውቅ፣ በሜትር ለክተሽ ያረጋገጥሽውን ሳታመነቺ ተናገሪ። ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ግን ፎርማኑንና ፌሮ ሠራተኛውን ይዘሽ ሥራውን ዙሪ። «ትክክል ነው አይደል?» ካልሻቸው «ነው» ብለው ያልፉሻል፤ ይልቅ «እርስዎ ቢሆኑ እዚህ ላይ ምን ያስተካክሉ ነበር?» በያቸው፣ ስህተት ያሳየሽንም ሰው በባልደረቦቹ ፊት አመስግኚው። የሚታረም ነገር ተገኝቶ፣ የኮንክሪቱ መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ኃላፊው «ይለፍ» እያለ ሲያጣድፍሽ፣ ሙሌቱን ለማስቆም ያ ቆራጥ ድምፅሽ ያን ጊዜ ያስፈልግሻል።