ግጥሙ በምን ተጻፈ፣ በማን እጅ ተረፈ? ስለ ገጣሚያን ልማድ ጥያቄና መልስ

ስለ ታዋቂ ገጣሚያን ኑሮና የአጻጻፍ ልማድ የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ታላላቆቹ ገጣሚዎች በቀን ስንት ስንኝ ይጽፉ ነበር? ስሜት ሲመጣላቸው ብድግ ብለው የሚጨርሱት ይመስለኝ ነበር።

መልስ፦ ቁጥር ስላለን ከሮማዊው ቨርጂል እንነሣ። ስለ ግብርና የገጠመው «ጆርጂክስ» 2,188 ስንኝ ነው፤ የፈጀበት ጊዜ ደግሞ 7 ዓመት እንደሆነ ይነገራል። ሲካፈል በቀን አንድ ስንኝ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ሲባል ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ስንኝ ይዞ ይውል ነበር ማለት አይደለም። ጥንታዊ የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው ጠዋት ብዙ ስንኝ በቃሉ ያስጽፋል፤ ከዚያ ሲቀንስና ሲያርቅ ይውልና ማታ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሥራውንም ግልገሏን እየላሰች መልክ ከምታስይዝ ድብ ጋር ያመሳስለው ነበር። «ኤኒድ» 11 ዓመት ፈጅቶም አላለቀም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ሲሞት ይቃጠል ብሎ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ አውግስጦስ ከለከለ። ዛሬም በመጽሐፉ ውስጥ ከ50 በላይ ስንኞች ግማሽ ላይ ተቋርጠው ይታያሉ።

እርስዎ ያሰቡት ዓይነትም አለ። በጀርመንኛ የሚገጥመው ሪልከ «የዱዊኖ ሙሾዎች» የተባሉትን ግጥሞቹን በ1912 ጀምሮ አሥር ዓመት ሲጎተት ከቆየ በኋላ፣ በየካቲት 1922 ስዊዘርላንድ ውስጥ በሳምንታት ጨረሳቸው። በዚያው ወር 55 ሶኔቶች (ባለ 14 ስንኝ ግጥሞች) ጨመረባቸው። ወሩን ብቻ ያየ ተአምር ይለዋል፤ ከበስተኋላው ያለውን አሥር ዓመት ግን መርሳት አይገባም።

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊው ሚልተን ዓይኑ ጠፍቶ ከ10,000 በላይ ስንኝ ያለውን «የጠፋችው ገነት» እንዴት ጻፈ?

መልስ፦ አልጻፈም፤ አስጻፈ። በ1652 ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ሲያጣ የ43 ዓመት ሰው ነበር። ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ስንኞቹን በአእምሮው ያሰናዳል፤ ሲነጋ የሚጽፍለት ሰው ይመጣል። ጸሐፊው ከዘገየ «መታለብ እፈልጋለሁ» እያለ ያጉረመርም ነበር፤ እንደ ተጋተች ላም መሆኑ ነው። አንዳንዴ እስከ 40 ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ያስጽፍና ወደ ግማሽ ይቀንሰዋል። የእህቱ ልጅ ኤድዋርድ ፊሊፕስ 10፣ 20፣ 30 ስንኝ እየሆነ የሚመጣውን ጽሑፍ እየተመለከተ ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን ያርም ነበር፤ ጸሐፊዎቹ የተለያዩ ሰዎች ስለነበሩ እርማት የግድ ነው። ግጥሙ የሚፈስለት ከመጸው እስከ ጸደይ ብቻ እንደነበርም የነገረን ይኸው ፊሊፕስ ነው።

ቤት የማይመታ ግጥም ይህን ያህል በቃል መያዙ ይገርማል። የረዳው ምቱ ነው። እያንዳንዱ ስንኝ አሥር ቀለም ስላለው አንዲት ቃል ብትወድቅ ጆሮ ወዲያው ያውቃል። ክፍያው ግን ያሳዝናል፦ በ1667 ውል ሲፈርም 5 ፓውንድ፣ ከመጀመሪያው እትም 1,300 ቅጂ ሲሸጥ ሌላ 5 ፓውንድ።

ጥያቄ፦ የሩሲያዊቷ አና አኽማቶቫ ግጥም ለዓመታት በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ አሠራሩም በዝርዝር ይታወቃል። ልጇ በስታሊን ዘመን ታስሮ በሌኒንግራድ እስር ቤት ደጃፍ 17 ወር ተሰልፋለች። ስለዚያ የገጠመችው «ረኪዬም» ቤቷ ቢገኝ ለሞት ያበቃል። ስለዚህ ጥቂት ስንኞች ቁራጭ ወረቀት ላይ ትጽፍና ለወዳጇ ለሊዲያ ቹኮቭስካያ ትሰጣለች። ግድግዳው ጆሮ ሊኖረው ስለሚችል አፏ ስለ ሻይ ወይም ስለ አየር ጠባይ ጮክ ብሎ ያወራል። ወዳጇ ዝም ብላ ታነባለች፣ በቃሏ ትይዛለች፣ ወረቀቱን ትመልሳለች። ከዚያ ክብሪት ተጭሮ ወረቀቱ የሲጋራ መተርኮሻ ላይ ይነዳል። ግጥሙ በሙኒክ የታተመው በ1963፣ በሶቪየት ኅብረት ደግሞ በ1987 ነው።

የዚህ ዘዴ ጠላት መርሳት ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚያስቸግረው መተካት ነው፦ አእምሮ አንዱን ቃል አውጥቶ ምቱ የሚስማማ ሌላ ቃል ያስገባል፣ ሰውየውም አይታወቀውም። ቤት መምቻው የስንኙን ጫፍ ይጠብቃል እንጂ መሐሉን አይጠብቅም። መድኃኒቱ አንዱን ግጥም ከአንድ በላይ ሰው እንዲይዘው ማድረግና ማስተያየት፣ ደግሞም ደጋግሞ ማለት ነው። ናዴዥዳ ማንደልስታም ባሏ ገጣሚው ኦሲፕ ከታሰረ በኋላ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስትሠራ፣ በመኪኖቹ መካከል እየተመላለሰች ግጥሞቹን ታነበንብ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ ኢሪና ራቱሺንስካያ እስር ካምፕ ውስጥ በክብሪት እንጨት ሳሙና ላይ ትጽፋለች፤ በቃሏ ስትይዘው እጇን ትታጠብበታለች። ሳሙና ጥሩ ረቂቅ ወረቀት ነው፦ ይፋቃል፣ ይታረማል፣ ማስረጃ አይተውም።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ዲኪንሰን ያን ሁሉ ግጥም ለምን ደበቀችው? እንዴትስ ተገኘ?

መልስ፦ በሕይወቷ ሳለች የታተሙላት አሥር ያህል ብቻ ናቸው፣ ያውም ያለ ስሟ። በ1886 ስትሞት እህቷ ላቪኒያ ክፍሏ ውስጥ በክር የታሰሩ ትንንሽ ጥራዞች አገኘች። ዛሬ የሚታወቁት ግጥሞቿ 1,789 ናቸው። «ደበቀች» ማለት ግን ይከብደኛል፤ ብዙዎቹን በደብዳቤ ለወዳጆቿ ልካለች። ያልፈለገችው ማሳተምን ነው።

ጥራዞቹን የሠራችበት መንገድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ለሁለት የታጠፈ የደብዳቤ ወረቀት ትወስዳለች፣ መጀመሪያ ግጥሙን በንጹሕ ትገለብጣለች፣ ከዚያ እነዚህን ወረቀቶች ትደራርባለች። ከጎን ሁለት ቀዳዳ በስታ ክር ታሳልፍና ትቋጥራለች። እንዲህ ያሉ ጥራዞች 40 ናቸው፣ በውስጣቸውም ከ800 በላይ ግጥሞች አሉ። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ ያሳተሟት ሰዎች ክሩን ፈቱት። ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ያልተሰካኩ፣ ዝም ብለው የተደራረቡ ስለነበሩ ክሩ ሲፈታ ቅደም ተከተሉም አብሮ ጠፋ። ተመራማሪው ራልፍ ፍራንክሊን የመርፌ ቀዳዳዎቹን አቀማመጥ፣ ቀለሙ ከገጽ ወደ ገጽ የተወውን ምልክትና የወረቀቱን እድፍ እያስተያየ መልሶ ደርድሮ በ1981 አወጣው። ይህን ሥራ ሳስብ ለግጥም የተከፈለ ታላቅ አክብሮት ሆኖ ይሰማኛል።

ሌላው ጉዳት የእርማት ነው። በ1890 የወጣው መድበል በስንኞቿ መካከል የምታሰምራቸውን ጭረቶች (—) አነሣ፣ ርእስ ጨመረ፣ ቃላት ቀየረ። ርእስ ያለው የዲኪንሰን ግጥም ካጋጠማችሁ ርእሱ በአብዛኛው የእሷ አይደለም። ወደ እጅ ጽሑፉ የቀረበ እትም የወጣው በ1955 ነው። ዳቦም ትጋግር ነበር፤ በ1856 በአምኸርስት ውድድር ዳቦዋ ሁለተኛ ወጥቷል። የኮኮናት ኬክ አሠራር በጻፈችበት ወረቀት ጀርባ ላይም የግጥም ረቂቅ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ ጀርመናዊው ገጣሚ ሺለር መሳቢያው ውስጥ የበሰበሰ ፖም ያስቀምጥ ነበር?

መልስ፦ አዎ። የተናገረው ወዳጁ ገጣሚው ጎተ ራሱ ነው፤ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ሽታው አጥወለወለው። የሺለር ሚስትም ባሏ ያለዚያ ሽታ መሥራት እንደማይችል ነገረችው።

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊው ባይረን ድብ ነበረው የሚባለውስ?

መልስ፦ እሱም እውነት። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ውሻ ማቆየት ክልክል ስለነበር ድብ አመጣ። ከድቡ ይልቅ የመዋኘቱ ነገር ያስደንቀኛል፤ ቀኝ እግሩ ከልደቱ ጀምሮ ጎዶሎ ሆኖ ሳለ በግንቦት 3 ቀን 1810 የዳርዳኔልስን ወሽመጥ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ተሻግሯል።

ጥያቄ፦ እየተራመዱ መግጠም ለምን ይወደዳል?

መልስ፦ እርምጃ ምት ስለሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን መንገዱም ይለያያል። እንግሊዛውያኑን ገጣሚዎች ኮልሪጅንና ዎርድስዎርዝን በቅርብ ያወቀው ጸሐፊው ሃዝሊት እንደጻፈው ኮልሪጅ ወጣ ገባ መሬት ላይ ወይም ቁጥቋጦ እየጣሰ መግጠም ይወዳል፤ ዎርድስዎርዝ ደግሞ ምንም በማያደናቅፈው ቀጥ ያለ የጠጠር መንገድ ላይ ይመላለሳል። ግጥሞቻቸውን ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው ልዩነቱ ይሰማዋል። አሜሪካዊው ዎላስ ስቲቨንስ መኪና መንዳት ሳይማር ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወደ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ ይሄድ ነበር። እዚያ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ በመንገድ የመጣለትን ጸሐፊው በታይፕ ትመታለታለች።

ቻይናዊው ሊ ሄ በአህያ ሆኖ ይዞራል፣ የመጣለትን ስንኝ በወረቀት ጽፎ አሽከሩ በያዘው አሮጌ ከረጢት ይጥላል፣ ማታ አውጥቶ ያጋጥማል። እናቱ ከረጢቱን ሞልቶ ስታይ «ይህ ልጅ ልቡን እስኪተፋ አያርፍም» አለች ይባላል። በ26 ዓመቱ ገደማ ሞተ።

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር ውስጥ ግጥም ጽፏል?

መልስ፦ አልጻፈም። በታኅሣሥ 1880 ሐረር ሲገባ ግጥም ከተወ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የመጣው የቡናና የቆዳ ነጋዴ ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ወደ ቤተሰቡ የጻፈው ስለ ሸቀጥ፣ ስለ ካሜራና ስለ ሙያ መጻሕፍት ነው። በ1887 ለምኒልክ ጠመንጃ አመጣ። በ1891 ጉልበቱ አብጦ ራሱ በነደፈው ቃሬዛ እስከ ዘይላ ተወሰደ፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ በኅዳር 10 በ37 ዓመቱ አረፈ። ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጠራው ቤት የተሠራው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ከምንሰማቸው ታሪኮች ሐሰተኛውን እንዴት እንለይ?

መልስ፦ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? ከስንት ዓመት በኋላ? የእጅ ጽሑፉስ ይስማማል? ኮልሪጅ «ኩብላ ኻን»ን በሕልም አይቶ ሲጽፍ ፖርሎክ ከተባለች መንደር የመጣ እንግዳ አቋረጠው የሚባለውን እንፈትነው። የነገረን ራሱ ገጣሚው ነው፤ ያውም ግጥሙን በ1816 ሲያሳትም፣ ሆነ ከሚባልበት 19 ዓመት ቆይቶ። ቀደም ያለው የእጅ ጽሑፉ ላይ ያለው ማስታወሻ ኦፒየም መውሰዱን ሲያነሣ እንግዳውን ጨርሶ አይጠቅስም። እንግሊዛዊው ኪትስ ናይቲንጌል ለተባለችው ዘማሪ ወፍ የገጠመው ግጥምም እንዲሁ ነው። ወዳጁ ብራውን ከብዙ ዓመታት በኋላ አራት ወይም አምስት ቁራጭ ወረቀት ላይ እንደተጻፈ አስታወሰ፤ የተረፈው የእጅ ጽሑፍ ግን ሁለት ወረቀት ነው። ሪልከን የጽጌረዳ እሾህ ገደለው የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የሞተው በደም ካንሰር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቃል ብቻ ጎድሎኝ ግጥሙ ሲቆምስ? እነሱ ምን ያደርጉ ነበር?

መልስ፦ ቻይናዊው ጂያ ዳኦ መነኩሴው በሩን «ገፋ» ይበል ወይስ «አንኳኳ» እያለ እጁን በአየር ሲያወዛውዝ የሹም አጀብ ውስጥ ገባ ይባላል። ሹሙ ሃን ዩ ራሱ ጸሐፊ ስለነበር አሰበና «አንኳኳ» ይሻላል አለው፤ በሌሊት ጸጥታ ድምፅ ይሰማላ። ዛሬ በቻይንኛ «ግፋ-አንኳኳ» ማለት ቃልን አጥብቆ መመርመር ነው።

አሜሪካዊቷ ኤሊዛቤት ቢሾፕ ግን አትጣደፍም። የጎደለውን ቃል ቦታ ባዶ ትታ ረቂቁን ሰሌዳ ላይ ትሰቅለዋለች። ስለ አጋዘን የጻፈችው አንድ ግጥም በ1946 ካደረገችው ጉዞ ተነሥቶ የተጠናቀቀው በ1972 ነው። «አንድ ጥበብ» የተባለው ባለ 19 ስንኝ ግጥሟ ደግሞ 17 ረቂቅ አለው፤ የመጀመሪያው ቤት የማይመታ፣ የጠፉ ዕቃዎች ዝርዝር የመሰለ ነው። ስለዚህ ቃሉ እስኪመጣ ቦታውን ክፍት ትተው የቀረውን ይቀጥሉ፤ ለጊዜው ብለው የሚያስገቡት ቃል ጆሮ ከለመደው በኋላ አልወጣ ይላል።