ጭራውን አይታችሁ ለዩት፦ ስለ ሳቲሮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በግሪክ አፈ ታሪክ የወይን አምላኩ የዲዮኒሶስ ተከታይ የሆነው ሳቲር ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የጥንት ግሪኮች ቢሰሙህ «እሱማ ፓን ነው» ይሉህ ነበር። የእነሱ ሳቲር ዘመዱ ፈረስ ነው፤ የፈረስ ጭራና ጆሮ፣ ደፍጣጣ አፍንጫ፣ ጺም፣ እግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰው። የፍየል እግርና ቀንድ ያለው የአርካዲያ እረኞች አምላክ ፓን ነው። ከታላቁ እስክንድር በኋላ የመጡ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ሁለቱን አደባለቋቸው፤ ሮማውያን ደግሞ የራሳቸውን የጫካ አምላክ ፋውኑስን ጨመሩበት።

ጥያቄ፦ ሙዚየም ውስጥ የሸክላ ሥዕል ላይ ባየው በምን ልለየው?

መልስ፦ ከጭራው ጀምር። ረጅምና ወደ ታች የወረደ ጸጉራም ጭራ የፈረስ፣ አጭር ቁራጭ የፍየል ነው። ቀጥለህ እግር ቁጠር፤ አራት ከሆነ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆነው ኬንታውር ነው። ሰኮና ብቻ አይተህ አትፍረድ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ570 አካባቢ የተሠራውና ፍሎረንስ የሚገኘው የፍራንሷ ማሰሮ ላይ በበቅሎ የተቀመጠውን የአንጥረኞች አምላክ ሄፋይስቶስን የሚያጅቡት ሦስቱ የፈረስ እግር አላቸው። አንዱ የወይን አቁማዳ ተሸክሟል፣ አንዱ አውሎስ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል፣ ሦስተኛው ሴት አቅፏል። አጠገባቸው «ሲሌኖይ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ጥያቄ፦ ሲሌኖስና ሳቲር ይለያያሉ?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ እምብዛም። በኋላ ሲሌኖስ የሳቲሮቹ ሽማግሌ አባትና የዲዮኒሶስ አሳዳጊ ሆነ።

ጥያቄ፦ ቲያትር ላይ እንዴት ይሠሯቸው ነበር?

መልስ፦ በአቴንስ የዲዮኒሶስ በዓል ገጣሚው ሦስት ትራጄዲ ካሳየ በኋላ አራተኛው የሳቲር ተውኔት ነበር። የተዋናዮቹን ልብስ ለማየት በ400 ቅድመ ክርስቶስ አካባቢ የተሠራውን፣ ኔፕልስ ያለውን የፕሮኖሞስ ማሰሮ ፈልግ፤ ጸጉራም ቁምጣ፣ ከኋላ ጭራ፣ ከፊት የቆመ ብልት፣ ጭምብሉን ደግሞ በእጃቸው ይዘውታል። ሙሉ ሆኖ የደረሰን የኤውሪፒደስ «ኪክሎፕስ» ብቻ ነው፣ 709 ስንኝ። ከሶፎክልስ «አሳሾቹ» ደግሞ 400 ያህል ስንኝ ከግብፅ ፓፒረስ ላይ ተገኝቶ በ1912 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል፤ ብዙው ግን ተቦጫጭቋል።

ጥያቄ፦ ሳቲሩ ማርሲያስ ከአፖሎን ጋር በሙዚቃ ተወዳድሮ ለምን ተሸነፈ?

መልስ፦ አውሎስ ጥንድ ቱቦ ነው፤ የሚነፋውም በሸምበቆ ምላስ ስለሆነ «ዋሽንት» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። የጥበብ እንስት አምላክ አቴና ጉንጯን እየነፋ መልኳን ስላበላሸባት ጣለችው፣ ማርሲያስ አነሣው፣ የሙዚቃ አምላክ አፖሎንንም ለውድድር ጠራ። አፖሎን የያዘው የክራራችን ዘመድ ሊራ ነው። በአንደኛው ትረካ መሣሪያውን ገልብጦ ደረደረና «አንተም እንዲህ አድርግ» አለው፤ በሌላው ደግሞ እየደረደረ ዘፈነ። ቱቦ አፉን የሞላው ሰው ሁለቱንም አይችልም። ቅጣቱ ከነሕይወቱ ቆዳውን መገፈፍ ነበር። ግሪካዊው ጸሐፊ ዜኖፎን እንደጻፈው ቆዳው የተሰቀለው በፍርግያዋ (በዛሬዋ ቱርክ) ከተማ ኬላይናይ፣ በስሙ የሚጠራው ወንዝ በሚመነጭበት ዋሻ ነው።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሳቲር አለ ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ኢሳይያስ 13፥21 ላይ «ሳቲሮች ይጨፍራሉ» ይላል። ዕብራይስጡ «ሰዒሪም» ነው፣ ጸጉራሞች ወይም ፍየሎች እንደ ማለት። የሚገርመው፣ ሳቲርን አሳምረው የሚያውቁት የሰብዓ ሊቃናት ግሪክኛ ግን ቃሉን አልተጠቀመበትም፤ «አጋንንት» ብሎ አልፎ ቀጥሎ የአህያ ኬንታውር ያስገባል።